የአባቴ ባትሪ

ከሞሻቩ የወጣነው ማክሰኞ ሲነጋ ነው፤
የጫነን መኪና፣ ሌላ ቀን ቲማቲም የሚያመላልሰው።
ፍራሹ ከላይ፣ ፍሪጁ በገመድ ታስሮ፣
እናቴ ከፊት ናት፣ ጭኗ ላይ ዶሮ።
ሹፌሩ ሳቀባት፦ «ስምንተኛ ፎቅ ላይ ዶሮ ማን ያረባል?»
«አንተ ንዳ» አለችው፣ «ወፍ መቼ ከፍታ ይፈራል?»

አባቴ ከኋላ፣ በዕቃ መሀል ተሸጉጦ፣
የጥበቃ ባትሪውን በቀኝ እጁ ጨብጦ።
ዐሥራ አራት ዓመት፣ ሌሊት በሌሊት፣
የቴምሩን እርሻ የዞረባት ናት።
ቀበሮ አባሮባታል፣ ከርከሮ አባሮባታል፣
እኔ የጠፋሁ 'ለት በሷ ፈልጎ አግኝቶኛል።

እዚያ ዝምታው ይሰማል።
የመስኖው ጎማ ጠብ... ጠብ... ሲል ያድራል፣
ውሻ አንድ ጊዜ ይጮህና ያፍራል።
ሰው በደጅ ሲያልፍ በኮቴው ይታወቃል፤
«ሙላ ነው» ትላለች እናቴ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ያመጣችን ሊአት ናት፣ እህቴ።
ነርስነቷን ጨርሳ፣ ኪራዩን ተከራክራ፣
«ሦስት አውቶቡስ እየቀያየርኩ እስከ መቼ?» ብላ።
አባቴ እንቢ አላለም።
«እንግዲህ ልጄ ካለች...» አለ፤
ያ ያልጨረሰው ነገር
እስከ ዛሬ ቤታችን አለ፣ እንደ ወንበር።

መንገዱ ሰፋ። ደግሞ ሰፋ።
ተራራው ወደ ኋላ ቀረ፣ የምናውቀው ዛፍ ጠፋ።
አራት ረድፍ መኪና፣ ስድስት ረድፍ መኪና፤
እናቴ ስትቆጥር ቆይታ፣ ታከታትና
ጸሎቷን ጀመረች።

ቴል አቪቭ ስንገባ ጥሩምባ በጥሩምባ ላይ፣
በስኩተር የሚበር ልጅ፣ ግራ ቀኙን ሳያይ፤
ማንም ማንንም ሰላም አይልም።
አባቴ ግን ከቲማቲሙ ሽታ መሀል
ለማያውቀው ሁሉ እጁን ያነሳል፣
ለማያየው ሁሉ፣
እጁ እስኪዝል።

ሊፍቱ መስታወት አለው። ዶሮዋ ራሷን አየች፤
እስከ ስምንተኛ ፎቅ ከራሷ ጋር ተጣላች።

ሌሊት ከተማው አይተኛም፤ አባቴም አይተኛም።
ሁለቱም ለምዶባቸው ነው፤ ግን አይተዋወቁም።

በሦስተኛው ሌሊት የጫማውን ክር አሰረ፤
ባትሪዋን ይዞ ወረደ፣ ለማንም አልተናገረ።
የቆሙትን መኪኖች በር በበር ዳሰሰ፣
እንደ ቴምሩ መጋዘን፣ ቁልፉ እንዳልላላ ሊያይ።

ፖሊስ መጣ።
ሰማያዊ መብራት ግድግዳችን ላይ ተሽከረከረ።
«ይሄ መኪና ያንተ ነው?»
«አይደለም» አለ አባቴ፣ «እየጠበቅሁት ነበረ።»

እኔ ደረጃውን በእግሬ፣ ሊፍቱን የሚጠብቅ ልብ አጥቼ፣
ስደርስ አንድ ቃል አልወጣኝ፤
ዕብራይስጤን ስምንተኛ ፎቅ ትቼ።
አባቴ እጁን መኪናው ላይ አድርጓል፤
ባትሪዋ አስፋልት ላይ ወድቃ
የአንዱን ፖሊስ ጫማ ታበራለች።

ያኔ ከሁለተኛው ፎቅ በረንዳ
ራያ ብቅ አለች፣ የኦዴሳዋ አሮጊት፣ በሌሊት ልብሷ፤
ከእናቴ የባሰ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፦
«የኛ ዘበኛ ነው! የኛ! ተዉት!»

ውሸቷን ነው።
ማንም አልቀጠረውም።
ስሙ ዋሴ መሆኑን እንኳ አታውቅም ነበር።

በማግስቱ እናቴ እንቁላል ላከችላት፤
ሁለት፣ ገና ትኩስ።

ከዚያ ወዲህ አባቴ በየሌሊቱ ይወርዳል።
ደመወዝ የለውም። ወንበር ግን አለው፣ ራያ የሰጠችው፣
አንድ እግሩ በሽቦ የታሰረ።

ትናንት እኔንም አስነሥቶ ወሰደኝ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
የመጨረሻው አውቶቡስ ካለፈ፣ የመጀመሪያው ሳይመጣ።
«ስማ» አለኝ።
ምንም የለም አልኩት።
«ስማ እንጂ።»

ከላይ፣ ከአንዱ ቤት ማቀዝቀዣ፣
ውሃ ቆርቆሮ ላይ፦ ጠብ...
ጠብ...

ከዚያ ከጥጉ፣ ከጨለማው ወዲያ፣ የሰው እርምጃ።
እኔ ብድግ አልኩ። እሱ አልተነሣም፤
ባትሪዋን አላበራም።

«ሊአት ናት» አለ።
«ግራ ጫማዋ ጠቧታል።»