ለቅጹ ያልበቃ መልስ

ከደጇ ተቀመጥን፣ ፀሐይ ጀርባችን ላይ፤
እሷ ዘር ስትለይ፣ ድንች ከድንች ስታይ፣
እኔ ቅጽ ዘርግቼ፣ ጥያቄ አሥራ አንድ ላይ፦
“የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል ሰምተው ያውቃሉ ወይ?”

ሳቱርኒና ዋልፓ ቀና አላለችም፤
አንዱን አሸተተች፤ አልወደደችውም።
“እንዲያ የሚባል ሰው በዚህ አላለፈም፤
ካለፈም እኔ ቤት ውሃ አልለመነም።

ስሙን ተወውና የማውቀውን ልንገርህ።
አያቴ ይዘራ ነበር እታች፣ ከወንዙ አፋፍ፤
አባቴ ከዚያ በላይ፣ ከጸሎት ቤቱ ጫፍ፤
እኔ ባል ሳገባ፣ ከድንጋይ ካቡ ራስጌ፤
ዘንድሮ አልፓካ ከሚግጥበት፣ ከበረዶው ግርጌ።
ድንች ሙቀት ፈርቶ ሽቅብ ይሰደዳል፤
ጉልበቴም ይከተላል፤ ተራራው ግን ያልቃል።

ውርጭስ? በሰኔ፣ እንደ ደህና አማች፣ በቀጠሮው ይመጣ ነበር፤
ድንቹን ሜዳ ላይ አስጥተን፣ እሱ ሌሊቱን ሲነክሰው ሲያድር፣
ጠዋት በእግራችን ረግጠን ውሃውን ከሆዱ ስናባርር፣
ቹኞ ይሆናል፤ ዐሥር ዓመት ቢከርም አይሻግትም፣ ለችግር።
አምና አምስት ሌሊት አሰጣሁ። ውርጩ አልመጣም።
በስድስተኛው ቀን ሸተተ። ለአሳማም አልሆነም።
ሰው ብርድ ይናፍቃል ብለህ ጻፍ።
ወረቀትህ ላይ ቦታ አለው?”

ቦታ አልነበረውም። ዝም አልኩ።

“ኪማን እናያለን ደግሞ፣ ጎህ ሳይቀድ ኮረብታ ወጥተን፤
ከደመቁ ቶሎ መዝራት፣ ከደበዘዙ መታገስ፣ እንዲያ ነው የወረስን።
ዘንድሮ ደመቁ። ዘራሁ።
ዝናቡ አርባ ቀን ቀረ።
ልጄ ሬሚሂዮ ሳቀብኝ፤ እሱ ራዲዮ ሰምቶ ነው የሚዘራ፤
የሱም አረረ።”

ከቅርጫቷ አንዲት ወይን ጠጅ ድንች፣ እንቁላል የምታክል፣
እጄ ላይ አኖረችና “ይቺን ቆላ ስትወርድ ትከል፤
እዚያ ምን እንደምትል...” ብላ ተወችው። ዶሮ ለማባረር ተነሣች።

ቅጹ ላይ ሁለት ሣጥን አለ፤ ‘ሰምተዋል’ እና ‘አልሰሙም’ የሚል፤
መመሪያውም ግልጽ ነው፦ ቃሉን ያልጠራ፣ ካልሰሙት ይቆጠር ይላል።
‘አልሰሙም’ ላይ፣ እንደ ታዘዝኩት፣ የመስቀል ምልክት አደረግሁ፤
እስከ ከተማ ድረስ፣ በኪሴ ያለች ድንች ጎኔን ስትቆረቁረኝ ወረድሁ።