ብቻዋን የቆመች ነጥብ

ሌዳሞ የሠራው ሰርቨር ደጁ አንድ ብቻ ነው፤
ገጽ ፈላጊ ይመጣል፣ "ይኸን ስጠኝ" ሊለው፤
ተቀብሎ ይሄዳል፣
ስሙን ሳይናገር፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይል።

ግን እንደ ታቦር ግርጌ፣ እንደ ሰፈሬ ቤት፣
ፌሮውን ሳይቆርጠው ትቶታል ከአናት፤
ዝናብ እየዘነበበት፣ አባ ኮዳ እያረፈበት፣
"ነገ ፎቅ ለሚቀጥል" ብሎ በእምነት።

ቀጣዩ እኔ ሆንኩ። "ያንቺን ክፍል ጨምሪ፣
የደብዳቤ ይሁን" አለኝ፤ "ዛሬውኑ ጀምሪ፤
ግድግዳዬን ብቻ እንዳትነኪ አደራ፤
መንጠቆ ትቻለሁ፣ እሱ ላይ ነው ሥራ።"

ደብዳቤ ግን እንደ ገጽ ተሰጥቶ አያልቅም፤
ጨዋታ ነው፤ ደንብ አለው፤ ካልጠየቁት አያልፍም።
"ማን ነህ?" አለ፤ "ከማን?" አለ፤ "ለማን?" አለ፤ በተራ፤
እያንዳንዱ መልስ በቁጥር የሚጠራ፦
ሁለት መቶ ሃምሳ፤ እሺ፣ ይሁን፤
አምስት መቶ ሃምሳ፤ እንዲህ ያለ ሰው የለን።

የመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ማሽን አገናኘሁ፤
መብራት እንዳይጠፋ እየሰጋሁ አየሁ።
አንዱ ከደጅ ቆሟል፤ ሌላው ከውስጥ ቆሟል፤
መስመሩ ክፍት ነው፤ ግን ማን ይተነፍሳል?
ሠላሳ ሰከንድ፤ ስልሳ፤ ሦስት መቶ፤
ዝም፤ ዝም፤ የዓሣ ጀልባ እስኪመለስ ነግቶ።
በር ላይ የተገናኙ ሁለት ጨዋ ሰዎች
"አንተ ቅደም"፣ "ኧረ በሞቴ" እንደሚባባሉ፤
ልዩነቱ፣ እነዚህ ያንንም አላሉ።

አባቴን ነገርኩት። አባቴ ላታሞ
በፖስታ ቤት መስኮት ሠላሳ ዓመት ቆሞ
ጣቱ ላይ የቀረው የማኅተም ቀለም ነው፤
ሰርቨር የሚባል ነገር ቢነግሩት አይገባው።
"ማነው ቀድሞ የሚናገር፣ አባዬ?" ብዬ ስለው፣
"መስኮቱን የከፈተ፤ ሌላማ ማን ነው?
ሰልፈኛው ፈሪ ነው፤ ደብዳቤ የያዘ እጁ ያልበዋል፤
አንቺ 'አቤት' ካላልሽው ቆሞ ይመሽበታል።"

አቤት!
የጎደለው ይኸው ነበር፤ አንዲት ቃል፣ አንዲት ቁጥር፤
የሌዳሞ ቤት ጥያቄ ለመስማት እንጂ
ቀድሞ ለመናገር አልተሠራ ነበር።
መንጠቆው ላይ ጻፍኩ፦ መስመር ሲከፈት፣ ማንም ሳይጠይቅ፣
ሁለት መቶ ሃያ፤ አቤት፤ ከዚያ መጠበቅ።

ሌላ ጣጣ መጣ። ደንቡ ሲወለድ የሚያውቀው ሰባት ቢት፣
የኔ ፊደል ደግሞ ሲቆጠር ሰባት ቤት፤
ስማቸው ቢገጥምም አይገጥምም ልካቸው፤
"ሀ" ብዬ የላክሁት ጥያቄ ምልክት ሆኖ ደረሳቸው።
ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ ስምንተኛዋን ቢት እስክለምንላቸው።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። "እስቲ ጻፊልኝ" አለ፤
"ለማን?" "ለእህቴ ለዳንጊሴ፣ ይርጋዓለም ላለች።" ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጠለ፦
"ደህና ነኝ። የአሮጌው ሳጥን ቁልፍ
አሁንም እኔ ጋ ነው።" ከዚያ በላይ አልጻፍም አለ፤ ምን ይጻፍ?
ማብቂያው ላይ እንደ ልማዱ አራት ነጥብ ጠየቀ።
"አራቱ አይበቁም" አልኩት፤ ግንባሩ ጠበቀ፤
"አንዲት አለች፣ ብቻዋን መስመር ሙሉ ይዛ የቆመች፤
ከሷ በፊት ደብዳቤህ ገና አልታሸገች።"

መታኋት።

.

ሁለት መቶ ሃምሳ።

"ደረሰ?" አለ። "አልደረሰም፤ 'ተቀበልኩ' ነው ያለው፤
ከእንግዲህ ቢጠፋ ዕዳው የሱ ነው።"
አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤
ማኅተም እንደሚመታ ሰው፣ በጡጫው ጠረጴዛውን ደለቀ።

ሰኞ ሌዳሞ ኮዱን አገላብጦ አየና
"ይኼ 'አቤት' የማን ነው?" አለኝ፤ ሳቀና።
"የመስኮት ቁጥር ሦስት" ብዬ ዝም አልኩ፤
ፌሮውን ከአናቱ ሳልቆርጥ ነው የተውኩ።