ሁለት ሴንቲ ሜትር

ርዕሳችን ጸድቆ ሰሌዳ ላይ ሲወጣ፣
ለኔ ቀንድ ደረሰኝ፣ ለሱ ግን ባሕር መጣ።

የኔው ቀላል ነበር፦ «የመንዝ አውራ በጎች፣
የቀንዳቸው ርዝመት፣ ዕድሜና ክብደቶች።»
የማንያዘዋል ግን፦ «ከባሕር ላይ ማማ፣
በነፋስ ጉልበት መብራት ለከተማ።»

ካፌው በሳቅ ሞላ፦ «ባሕሩ በሬሳ ነው?
በበጋ ቁርጭምጭሚት እንኳን የማያርሰው?»
ማንያዘዋል ሻዩን ቀስ ብሎ ጨረሰ፤
«ቀመር አገር አይልም» ብሎ መለሰ።

እናቱ ናቸው ስሙን አስበው ያወጡ፤
ለልጅ ነበር እንጂ ለነፋስ መች ሰጡ።
ነፋስን በባሕር፣ ነፋስን በሜዳ፣
ማን ያዘዋል ብሎ ማን ይገባል ዕዳ?

የልብስ ሰፊ ሜትር ባንገቴ ላይ ጥዬ፣
መሐል ሜዳ ወጣሁ በታኅሣሥ፣ ብቻዬ።
ከላሎ ማማ ጀምሮ እስከ ጌራ ድረስ፣
አውራውን በጉልበት ያዝ፣ ቀንዱን በጣት ዳሰስ፤
ከሥሩ እስከ ጫፉ ጥምዙን ተከትዬ፣
ቀኙን ለብቻው ጽፌ፣ ግራውን ቀጥዬ፣
መቶ አሥራ ስምንት።
አንዱ እጄን ወጋኝ፣ አንዱ መዝገቤን በላ፣
አንዱ ዓይኔን ዓይቶ ዞረ ወደ ሌላ።

እትዬ ዘነበወርቅ በጉን ጨምድደው ይዘው፣
«ቀንዱ ቢለካ» አሉኝ፣ «ሥጋው ይጨምር ነው?
ላም ቀንዷ አይከብዳትም፤ የኔስ በግ ምን ከፋው?
ዩኒቨርሲቲውን ነው ወይ ቀንዱ የከበደው?»

ጻፍኩት በእርሳስ፣ ከሠንጠረዡ ጥግ፤
አምድ አልነበረኝም እንዲህ ላለ ወግ።

በጥር ደወለልኝ፦ «ጣርማበር ላይ ነኝ፣
ዘንግ ልተክል ነው፣ ነይና አግዢኝ።»
ከግምጃ ቤት ያወጣውን፣ መታወቂያ አስይዞ፣
የነፋስ መለኪያ በገመድ ጠምዝዞ፣
ከዋሻው አፍ በላይ ገደሉ ጫፍ ቆሟል፤
ጃኬቱ እንደ ሸራ በጀርባው ተነፍቷል።

ሜትሬን ተቀበለኝ። ለካ። ደግሞ ለካ።
ከዚያ ጫፉን አየው። «ይኼ ሜትር ለካ
ከሁለት ነው የሚጀምር!»

ሰፊው አርጅቶበት ቆርጦት ኖሯል ዳሩን፤
እኔ ሳላይ ለካሁ የመንዝን በግ ሁሉን።
መቶ አሥራ ስምንት አውራ ቀንዱ በሐሰት አደገ፤
እንባዬን ነፋሱ ወደ ጆሮዬ ጠረገ።

«አታልቅሺ» አለኝ፣ «ዝምድናው አይፈርስም፤
ሁሉም እኩል ዋሽተው ከሆነ ምንም አይልም።
ሁለት ሁለት ቀንሺ።»

ወዲያው ከቆላው በኩል ጉሙ ተነሣ።
ደብረ ሲና ጠፋች፣ መንገዱም፣ ሸለቆው፤
ገደሉ ሞላ፣ ነጭ፣ ማዶ የሌለው።
ተራራው እንደ ደሴት ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀረ፤
ማዕበሉ በዝምታ ቋጥኙን ተሻገረ።
ከዘንጉ አናት ላይ ጽዋው እየዞረ፣
ማንያዘዋል
ሰዓት አየ። ጻፈ። ምንም አልተናገረ።

ላጲስ ገዛሁ፤ ከየቀንዱ ሁለት ሁለት አነሣሁ፤
አንድ ሌሊት ነቅቼ የመንዝን ቀንድ አሳጠርሁ።

ሰኔ ላይ መርማሪው፦ «የት ነው የምትተክለው?»
«ስሌቱን ነው የሠራሁ፤ ባሕር ያለው ይትከለው።»
መርማሪው ሦስት ጊዜ ሳሉ፣ መነጽር ወለወሉ፤
ቢ ፕላስ ነው የሰጡት፣ «ድፍረትህ ጥሩ ነው» አሉ።

ከዚያ በፊት፣ ለፋሲካ፣ ያ በግ ታርዶ ነበር፤
ቀንዱ በሚኒባስ መጣ እስከ ዶርማችን በር፣
በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ቃልም ተልኮበት፦
«አሁን አይወጋሽም፤ ለኪው በዕረፍት።»

መስኮቴ ላይ አኖርኩት። ውስጡ ባዶ ነውና
ነፋስ ሲገባበት ያጓራል እንደገና።
«አንሺው እባክሽ!» ይላሉ የክፍሌ ልጆች፣ ሲነጋ፤
ማንያዘዋል ግን በሩ ላይ፣ ከዘበኛው አጠገብ፣
ደብተሩን ይዞ ይጠብቀኛል፦
«ማታ ስንት ሰዓት ጀመረ?»