ሦስት ጣት

እቁብ ደረሰኝ በግንቦት መጨረሻ።
ለእናቴ ቆርቆሮ፣ ለክረምት መሸሻ
ነበረ ሐሳቤ፤ እውነቴን ነው፣ ነበር።
ግን ቪትዟን አየኋት ከግቢያችን አጥር፤
ከጎማዋ በላይ ክፍት አየር ብቻ፣
ሦስት ጣት ሙሉ፣ አውራ ጣት መክተቻ፤
ሱሪ እንዳጠረው ዘጠነኛ ክፍል ልጅ
ቁርጭምጭሚቷ ታይቶ ቆማለች ከደጅ።

አዘዞ ወረድሁኝ። አዛናው ጋራዥ ላይ
ክሪኩን አስገብቶ ተንበርክኮ ሊያይ፣
ከሥር ሆኖ ሳቀ። አንድ ጥርሱ የለም፦
ድሮ የታመቀ ሞላ ያመለጠው፣
ጥርሱን ይዞ ሄዶ ቆርቆሮ የላጠው።

«ዝቅ?» አለኝ። «ዝቅ» አልሁት።
«ጎንደር ላይ?» «ጎንደር ላይ።»
ሽቅብ አየኝ ዝም ብሎ፣
በዚያ በጥርሱ ቀዳዳ እንደሚያይ።

«አንደኛው ርካሽ ነው፤ በግራይንደር ሞላ
አንድ ዙር ተኩል መቁረጥ፣ ሳይጨመር ሌላ።
ሞላ ግን ሲቆረጥ ስሙን ይበላል፤
ሞላ ትለዋለህ፣ እሱ ጎድሏል።
ጉድጓድ ባየች ቁጥር እንደ ፍየል ትዘላለች፣
ኩርባ ላይ ስትደርስ ወንበሯን ትለቃለች።
በእሳት አግሎ ማስተኛትም አለ፤
ይህን ለጠላቴም» ብሎ ምራቅ ጣለ።

«አጭር ሞላ ደግሞ ከሸገር ይመጣል፤
ሦስት ሳንቲ ሜትር፣ ሦስት ብቻ ይወርዳል።
አሞርዛተሩን ግን አብረህ ቀይር፣ ስማኝ፤
አሮጌው ከአዲሱ አልስማማ ካለኝ
ከበሮው ወዲህ ነው፣ ማኅሌቱ ወዲያ።»

«ባለ ጥርስም አለ፣ በቁልፍ ይዞራል፤
ለሠርግ ጎንበስ ይላል፣ ለክረምት ቀና ይላል።
ዋጋው ግን…» በጣቱ ጻፈው፣ ኮፈኗ አቧራ ላይ፤
በመዳፌ ጠረግሁት ማንም ሰው ሳያይ።

መሃለኛውን መረጥሁ።
ኪሱ የሳሳ ሰው መሃሉን ይወዳል።

ማክሰኞ ወጣች። እንዴት አማረባት!
ከጎማዋ በላይ አንድ ጣት ቀረባት።
በፒያሳ አለፍሁኝ መስታወት ዝቅ አርጌ፣
ክንዴን በመስኮቱ ወደ ውጭ አድርጌ፤
ጥላችን ባጭሩ ግንቡ ሥር ሲሄድ
አንድ ሊስትሮ ልጅ ብሩሹን ጣለ ከመንገድ።

ከዚያ የመጀመሪያው ጉብታ። ማን ሠራው? ማን አዘዘ?
ማርሚታዋ ነካ፣ መንጋጋዬ ተገዘገዘ።

ከዚያ ወዲያ ጎንደርን በሆዴ ነው የማውቃት፤
የቱ ጋ እንዳበጠች፣ ድንጋይ የት ለቀቃት።
ሳሙና በር መታጠፊያው፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት፣
በሰያፍ ነው የማልፈው፣ አንድ ጎማ በፊት፣
ቀጥሎ ሌላው፣ ቀስ፣ እጅ እንደሚነሣ ሰው።
ከኋላ ሽታሁን ባጃጁን እያስጮኸው፦
«ወንድሜ፣ ተኝተህ ነው?»
መተኛትስ እሷ፤ እኔማ ነቅቻለሁ።

የእናቴ ቤት ግን ማራኪ ነው፣ ከዳገቱ ጫፍ፤
ጎርፍ የላጠው መንገድ፣ አለቱ ክፍት አፍ።
ድሮ ደጇ ድረስ ጥሩምባ እየነፋሁ
እገባ ነበረ። ሐምሌ ላይ ከሥር አቆምሁ።
ጤፏን በትከሻዬ ከኋላዋ አነሣሁ፤
ዳገቱን ስጀምር ሦስት ሳንቲ አነስሁ።
ጭቃው ጫማዬን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ፤
አንገቴ ላይ ዝናብ፣ ጆንያው ላይ ዝናብ፣
እኔና ጤፉ ማን ይበልጥ እንደከበደ አላውቅም።

በሩ ላይ ናት። «መኪናህስ?» «ታች ናት» አልኋት።
«ታመመች?» «የለም፣ ዝቅ አድርጌያት…»
ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ አቃተኝ።
«ዝቅ ማለት ደግ ነው» አለች፤ ምርቃት ይሁን ሌላ
የጎንደር ሰው ሲናገር ከላይ አይታወቅም።

ገባሁ። ጤፉን ከደረቁ ጥግ አስቀመጥሁ።
ከጣሪያው ሥር ሦስት ጣሳ ተደርድሯል፣
አንዱ የወተት፣ አንዱ የቲማቲም፣ አንዱ የቀለም፤
በየተራ ጠብ ይላል።
ስለ ቆርቆሮ አላነሣችም። ስለ እቁቡም።
ዳር ያለውን ጣሳ በእግሯ ገፋ አርጋ
«ሞላ» አለችኝ፤
«ድፋው።»