ቁጥር አሥራ ሰባት

ቶሳ ጉሙን ገና ከትከሻው ሳያወልቅ
መብራት አበራለሁ፣ ሌሊታቸው ሲያልቅ።
ሥራዬ ይኸው ነው፦ መኖ መስጠት፣ ሰጋቱራ መቀየር፣
የሞተ ካለ ደግሞ ቀኑን ማስፈር።
መዝገቡ ወፍራም ነው፤ በየአይጡ አንድ መስመር፣
ልደቱ፣ ክብደቱ፣ የጠጣው ውሃ እንኳ ሳይቀር።

የእኔን ልደት ግን የጻፈው የለም።
እናቴ “ከአንበጣው በኋላ፣ ማሽላው ሲያሸት” ትላለች፣ ሌላ አትጨምርም።
ቀበሌ ሲጠይቀኝ ግንቦት አንድ አልኩኝ፤
እነሱም ጻፉልኝ።
እኔም ቆይቼ አመንኩ፤
ዘንድሮ በዚያ ቀን “ስድሳ ሞላህ፣ ጡረታ” ተባልኩ።

መድኃኒቱን ያመጣችው ዶክተር ጦይባ ናት።
“ፔፕታይድ ምንድን ነው?” ብዬ ጠየቅኋት፣
ሸዋ በር ቁልቁል አብረን ስንወርድ።
“በእኔ ሙስባሃ፣ በአንተ መቁጠሪያ በለው” አለች፣ “አጭር ገመድ፤
አሚኖ አሲድ ነው እያንዳንዱ ፍሬ።
ሴል ሲያረጅ የረሳውን ወሬ
ጆሮው ሥር ሄዶ ያስታውሰዋል፣
‘ተነሥ፣ ራስህን ጠግን’ ይለዋል።”

ሰኞና ሐሙስ መርፌ አለ፤ ግማሾቹ ይህንን፣
ግማሾቹ የጨው ውሃ ብቻውን።
የትኛው የቱን እንደሚወጋ እኔ አላውቅም፣ እሷም አታውቅም፤
ፖስታው ታሽጓል፣ ጥናቱ ሳያልቅ አይከፈትም።

ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ግራ ጆሮው ስንጥቅ፣
እኩዮቹ ጎብጠው፣ ጸጉራቸው ሳስቶ ጥግ ሲይዙ
እሱ መንኮራኩር ላይ ነው፤ እግሮቹ ገና አልፈዘዙ።
ስገባ ያውቀኛል፣ ሽቦውን ይይዛል፣
እጄን በአፍንጫው ይመዝናል።
“ላንተማ” እለዋለሁ፣ “ዕጣው ወጥቶልሃል፤
ዕድሜ በመርፌ እየተጠቀመልህ ምን ያሳስብሃል?”
አንገቱ ሥር ዳበስ፣ ዳበስ፣ ሁለት ደቂቃ።
ይህ በመመሪያው የለም።

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሠላሳ ዓመት ክር የቀጠለው
አህመዲን ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ ጉልበቱን እያሻሸ ነው።
“ከዚያ መርፌ ለእኔም ጠብ አድርግልኝ፣ ይመር።”
“የአይጥ ነው” አልኩት። “በጡረታ ብር
የሚኖር ሰውዬ ከአይጥ በምን ይለያል?”
“ለሰው እስኪደርስ ገና ይቆያል።”
“እኔስ?” አለኝ፣ “እኔስ እቆያለሁ?”

በስድሳ ስድስት እህቴን ዙሪያሽን
ሐይቅ መንገድ ዳር ቀበርናት።
ስድስት ዓመቷ ይሁን ሰባት፣
እናቴም እርግጠኛ አልነበረችም።
መዝገብ አልነበረም።
ክብደቷን የመዘነ፣
የጠጣችውን ውሃ የለካ አልነበረም።
አንዳንድ ጠዋት ሚዛኑ ላይ አይጥ አስቀምጬ
ቁጥሩ እስኪረጋ ስጠብቅ
ትዝ ትለኛለች።

ፖስታው የተከፈተ ዕለት ጉሙ ከአዝዋ ገደል
ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ነበር።
ጦይባ ጣቷን በዝርዝሩ ቁልቁል አወረደች።
አሥራ አምስት፣ መድኃኒት። አሥራ ስድስት፣ መድኃኒት።
አሥራ ሰባት፣
የጨው ውሃ።

ሳቅሁ መሰለኝ።
“አንድ አይጥ ማስረጃ አይሆንም፣ ጋሽ ይመር” አለች፤
“በአማካይ የተወጉት ሰነበቱ። ጥቂት ሳምንት ነው፣ ግን ሰነበቱ።”
ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አራት ዓመት ለፍታበታለች።
እውነቷን ነው። ደስ አለኝ ለእሷ።

ማታ መዝገቡን ገለጥኩ።
ከመስመሩ ጫፍ “ማስታወሻ” የሚል ጠባብ ሳጥን አለ፤
ለሁለት ዓመት ተኩል ባዶ።
“ጠዋት ጠዋት አንገቱ ሥር ይዳበሳል፤ ሁለት ደቂቃ”
ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበት።

የሚተካኝ ልጅ ጓንቱን እያጠለቀ አነበበው።
“ይህ ምንድን ነው፣ ጋሼ?”
“መጠኑ ነው” አልኩት።