የበሬ ስም

በጥቅምት መጨረሻ፣ ቡሬ ላይ፣ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዛሁ፤
መሀሉን በእርሳስ፣ ቢያስፈልግ እንዲጠፋ፣ ቀስ ብዬ አሰመርሁ፤
በግራ የእኛን ወግ፣ በቀኝ የእነ ጋትዌችን ልጽፍ ተቀመጥሁ።

ግራው ወዲያው ሞላ፤
ዳሱ፣ ድግሱ፣ ሚዜው፣ ጥሎሹ፣ መልሱ፣ የቅልቅሉ ጠላ፣
የአዳራሹ ቀብድ፣ በድሮን የምታነሣው ልጅ፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣
ሦስት መቶ ወንበር፣
ካልተጠራ ጎረቤት የሚመጣ ቁጣ።

ቀኙ ግን እስከ ታች ነጭ ነው፤ ራስጌው ላይ አንዲት ቃል አለችበት፤
«ከብት»።
ከጎኗ፣ በጋትዌች እጅ ጽሑፍ፣ «ሃያ አምስት»።

«ከብት ያልተነዳላት ሙሽራ» አለኝ፣ «በእኛ ዘንድ ሚስት አይሏትም፤
እናቴም ቀና ብላ በመንደሩ መሀል አታልፍም።»
አባቴ ይህን ሲሰማ ጅራፉን ከግድግዳ አወረደ፣ መልሶ ሰቀለ፤
እንዲህም አለ፦
«ለጊደር እንጂ ለልጅ ገመድ አልገመድሁም፤
ከከብት ተራ አቁሜ ጥርሷን አላስቆጠርሁም!»

በኅዳር ሽማግሌ መጣ፤ የጋትዌች አጎት፣ ከኢታንግ፣ ሦስት ቀን በአውቶቡስ፤
መደባችን ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከደረቱ የሚደርስ።
ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ተስቦበታል።
አክስቴ ዓይኗን ሰበረች፤
አባቴ ግን ገበሬ ነው፣ ቆጠረና «ጠማማ ትልም የለውም» ብሏል።

ነገሩ ከብቱ ላይ ሲደርስ ቆመ።
ጋትዌች መሀል ሆኖ፣ አንዱን ቃል እያለሳለሰ፣
አንዱን እየዋጠ፣ ደከመ።
ጠላው ውስጥ ዝንብ ገባ፤ ማንም አላወጣው።
አባቴ፣ ለመሸሽ ይሁን ለማወቅ እንጃ፣
«ለመሆኑ መልካቸው ምንድን ነው?» የሚል ቃል አመለጠው።

ያኔ ሽማግሌው ተነሣ፤ ሁለት ክንዱን ወደ ጣሪያው ወረወረ፣
እንደ ቀንድ ቆልመም አድርጎ፣
አስተርጓሚ ሳይጠብቅ በሬዎቹን አንድ በአንድ ይጠራ ጀመረ።
ግንባሩን ነካ፣ የአባቴን ጋቢ አሳየ፤
«ቦራ!» አለ አባቴ።
ከምድጃው አመድ ቆነጠረ፣ ክንዱን ቀባ፤
«ዳልቻ!» አለ አባቴ።
በጣቱ ጫፍ ጎኑን ጠቃ ጠቃ አደረገ፤
«ዝንጉርጉር!» ብሎ ከመቀመጫው ተነሣ አባቴ።
በመጨረሻ ግራ ክንዱን ወደ ዓይኑ አጠፈ፤
አንድ ቀንዱ የተጣመመ በሬ።
አባቴ አፉን ከፈተ፣ ከደነ፣ ዐረፈ።
«ሹሜ» አለ።

ሹሜ የእኛ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርቴ የተሸጠ።
ያን ክረምት አባቴ ከጎረቤት ተቀናጅቶ አረሰ፤
ዘሩ ዘገየ፤ ቃል አልወጣውም፣ ዋጠ።

«በሬ ስለ እሷ ሲነዳ» አለ፣ «ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤
እኔም እሰጣለሁ፣ ንገረው። ሃያ አምስት ግን የለኝም፤
ሦስት ነው። አንዷም ጊደር ናት፣ ገና አልወለደችም።»
ጋትዌች ተረጎመ። ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ።

ከብቶቹ ባሮ ዳር ይቆያሉ፣ በአባቴ ስም ይጠራሉ፤
«ለመኪና እንጂ ለከብት ቦታ የለንም» ያሉት የአዳራሹ ሰዎች እፎይ ይላሉ፤
ኬኩ ስንት ፎቅ ይሁን፣ እህቶቼ እስካሁን ይከራከራሉ።

ትናንት ማታ ከበረት በኩል የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፤
ጋትዌች በስልክ የላከለትን ቃል ከጆሮው አስጠግቶ፣
ጊደሯን በኑዌር ቋንቋ ሲጠራት አየሁ።
ጊደሯ ገለባዋን ታኝካለች፤
ጆሮዋን እንኳ ወደሱ አላዞረች።
ጉሮሮውን ጠረገና
ከመጀመሪያው ጀመረ።