የፊርዶሳ ካርድ

በመጀመሪያው ቀን፣ ወረፋው በዝቶ፣
ከሳቢያን፣ ከገንደቆሬ፣ ሰው ሁሉ መጥቶ፣
አንዴ ቀና ብዬ ካርዷ ላይ ጻፍኩኝ፦
«ብጉር»። ሌላ ነገር አልጠየቅኩኝ።
ማታ የሚቀባ አዘዝኩላት፤ ወጣች።
በወሩ ሻርፗን እስከ ዓይኗ ስባ መጣች።

«አንተ! መድኃኒትህ እሳት ነው» አለችኝ፤
(ድሬ አንቱታ አታውቅም) እንደ ወንድም ተቆጣችኝ።
ሻርፑን ገለጠችው፤ ጉንጯ ተቃጥሎ፣
የድሬዳዋ ዛፍ ግንቦት ላይ የፈነዳ መስሎ።

ውኃ አስመጣሁ። ታጠበች። ቢጫው ሁሩድ ሄደ፣
ፓውደሩም ተከትሎ በአገጯ ወረደ።
አምፖሉን አጥፍቼ መስኮቱን ከፈትኩት፤
በከዚራ ጠዋት ፊቷን አነበብኩት።

ቅንድቧ ሥር ቅርፊት፣ በቅባት የራሰ፣
አፍንጫዋ ጥግም ወርዶ የደረሰ፤
ይኼ የፎረፎር ወገን ነው።
ግንባሯ ላይ ማድያት፣ ከልጇ ጋር የመጣ፣
ልጁ ተወልዶ ሲወጣ እሱ ግን ያልወጣ።
ጉንጯ ላይ ያ እኔ «ብጉር» ያልኩት ሽፍታ
ጥቁር ነጥብ የለውም፤ አየሁት በእርጋታ፤
ከሥሩ ደም ሥሮች እንደ ክር ቀጥነው
ተዘርግተዋል፣ የደረቀ ደቻቱን መስለው።

ደቻቱ የሚሞላው ደንገጎ ሲዘንብ ነው።
እኔም ዝናቡን ፍለጋ፣ «ሌላስ የምትቀቢው?»
አልኳት። ዝም አለች። ቦርሳዋን በረበረች፣
ጽሑፉ የተፋቀ ቱቦ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።
ከታይዋን ተራ ነው፤ ለሰርጓ፣ ለሳምንት
ብላ የጀመረችው፤ ሆነው ስድስት ዓመት።
ስትቀባ ይተኛል፣ ስትተው ይነሳል፤
እንደ አራጣ ብድር ወለዱ ይብሳል።

«ብጉር»ን ሰረዝኩት፤ ግን እንዲነበብ ተውኩት፣
የኔ ስህተት ነውና። ከግርጌው ጻፍኩበት
ሦስት ስም። የአንዱ መድኃኒት ላንዱ መርዝ ሲሆን
እጅ መሰብሰብ ነው የሚሻል አሁን።
ቱቦውን ቀን ዘለን፣ ከዚያ ሁለት ዘለን፤
ለቅርፊቱ በሳምንት ሁለቴ፤ ማድያቱ ይቆየን፣
እሱ አያቃጥልም።
«መጀመሪያ ይብሳል» አልኳት፣ «ቀልተሽ ታመሻለሽ፤
ያን ጊዜ ነው ቱቦው በስምሽ የሚጠራሽ።»

«ደግሞ ሙቀት ራቂ» አልኩ፣ አፌን ሳልይዘው፤
መጋላ ዳር ሳምቡሳ ስትጠብስ ለምታመሸው!
ፊርዶሳ ሳቀች። «በድሬ? ከሙቀት?
ሐረር ቤት ተከራይልኝ፣ ከሆነማ መድኃኒት!»

ስትስቅ ቀላች፣ እስከ ጆሮዋ ጫፍ።
ይኼም እንዳይረሳ ካርዱ ላይ ልጻፍ፦
«ስትስቅ ትቀላለች።» ከበሽታው ይሆን? ከሳቁ?
ጥያቄ ምልክት።
ቀጠሮ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣
ፊቷን ምንም ሳትቀባ።